ቅዳሜ ማታ ቁስቋም

ጎንደር ለሥራ እመላለሳለሁ። የላቦራቶሪ ማሽን ነው የምጠግነው። አንዱ ሆስፒታል ማሽን ሲቆምበት ይደወልልኛል፣ የመፍቻ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እበራለሁ። ጎንደር ነበርኩ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ፋሲል ግንብ ነው። አይቼዋለሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ገብቼ፣ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች አንጋጥጬ ሳይ አንገቴ እስኪደርቅ ቆሜያለሁ። ሁለቱም ግሩም ናቸው። ሥራ ጨርሼ አንድ ማታ ከተረፈኝ ግን የምሄደው ወደ ቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከፒያሳ ሩቅ አይደለም። ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ዳገቱ መውጣት ነው። ባጃጁ ዳገቱን ሲይዝ ማቃሰት ይጀምራል፤ እኔ ደግሞ ሞተሩን ማዳመጥ እጀምራለሁ። የሙያ አመል ሆኖብኝ ነው። ስለዚህ ትንሽ ሲቀረኝ ወርጄ የቀረውን በእግሬ እወጣለሁ። ዛፎቹ እየበዙ፣ የከተማው የመኪና ጥሩምባ ወደ ታች እየቀረ ሲሄድ ትከሻዬ ራሱ ዝቅ ይላል።

የመጨረሻው ጉዞዬ በጥቅምት ነበር፣ ያውም በወርኃ ጽጌ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት አርባ ቀናት እመቤታችን ልጇን አዝላ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብባቸው ናቸው። በማግስቱ ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው። ቁስቋም ቅድስት ቤተሰብ በስደቱ ያረፈባት የግብፅ ተራራ ናት። እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ዳር ላይ ይህንን ደብር ስታሠራ በዚያች ተራራ ስም ጠራችው። ስለዚህ በጽጌ ወራት እዚህ መምጣት የተለየ ነው። የሚዘመረው ስደትና የተቀመጥሽበት ቦታ አንድ ይሆናሉ።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ ደረስኩ። በሩን ተሳልሜ፣ ጫማዬን አውልቄ በሴቶች በኩል ገባሁና ጸሎቴን አደረስኩ። ከዚያ ወጥቼ ከግቢው ዛፎች ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከጀርባዬ ነበረች። ቁስቋም ማታ የሚያምረው ለዚህ ነው፤ ፀሐይዋ ዓይንሽን አትወጋም፣ ታች ያለውን ከተማ ነው የምታበራው። ቆርቆሮ ጣሪያው ሁሉ ያንጸባርቃል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ኮረብታው አረንጓዴ ነው። ቀን ሙሉ የዋልኩበት ሆስፒታል በየትኛው በኩል እንደሆነ ልፈልግ ጀመርኩና ተውኩት። ምን ያደርግልኛል?

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የእቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ፍራሽ አለ። ጣሪያ የለውም፤ ግድግዳው ላይ ግን ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሁንም ይታያሉ። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ውበቷና ስለ ግብዣዎቿ ነው። እኔ እዚህ በተቀመጥኩ ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ባሏ አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞት ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለነበር ዘውድ ጭና አብራው ነገሠች። ልጇ በ1755 ሞተባት። የልጅ ልጇ ኢዮአስ ደግሞ በ1769 ተገደለ። እሱን እዚሁ ከአባቱ ጎን ቀበረችና ወደ ጎንደር አልመለስም ብላ ቀረች። ከተማው እዚያ ታች ነው፤ ድምፁ እንኳ ይሰማል። እሷ ግን አልወረደችም። ለኔ ይህ የድሎት ቤት ሳይሆን የሐዘን ቤት ነው። ሰላም ያለው ቦታ ሁሉ በደስታ የተሠራ ይመስለን ይሆናል እንጂ፣ ይኼኛውስ እንደዚያ አይደለም።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስም ማረፊያው እዚሁ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አክሟል። ማሽን የለ፣ ላቦራቶሪ የለ። ከሆስፒታል ወጥቼ ስለምመጣ ነው መሰለኝ ይህቺን ታሪክ እወዳታለሁ።

ዛሬ የምንሳለመው ቤተ ክርስቲያን የእቴጌይቱ አይደለም። የሷው የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን በወረሩበት ዘመን ጠፍቶ በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ይሄን የነገሩኝ ግቢው ውስጥ ቆሎ ሲለቅሙ ያገኘኋቸው አንዲት እማሆይ ናቸው። ሰፌዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀና ሳይሉ፣

«ከየት ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ከአዲስ አበባ ነኝ እማሆይ። ለሥራ መጥቼ ነው።»

«እና እዚህ ምን ሥራ አለሽ?»

«እዚህስ ምንም የለኝም።»

ሳቁ። ከዚያ ኅዳር 6 እንድመጣ ነገሩኝ። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ ወደ ውጭ እንደሚፈስ፣ ታቦቱ ሲወጣ እልልታው እንዴት እንደሚሆን ዘረዘሩልኝ። እኔም ባዶውን እንደምወደው፣ ሰው ሲበዛ እንደሚጨንቀኝ ተናገርኩ።

«እንግዲያ አንቺ የምትመጪው ለእመቤቴ ሳይሆን ለራስሽ ነዋ» አሉና አንድ ጭብጥ ቆሎ አቀበሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቆሎዬን ቆረጠምኩ። ገብስ ነበር፣ ገና ትኩስ።

ሲመሽ ለማኅሌት የሚሰናዱት መምጣት ጀመሩ። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ጎንደር ደግሞ የአቋቋም፣ ማለትም በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቆመው የማኅሌት ሥርዓት ትምህርት አገር ናት፤ እዚሁ ጎንደር ያለችው የበዓታ ለማርያም ደብር ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ሁሉ የሚያስመሰክርባት ናት። ቀድመው የመጡት ልጅ እግር ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ከበሮ ተሸክሞ ገባ። ሌላው ጸናጽሉን ነቅነቅ አድርጎ አዳመጠና አልወደደውም መሰለኝ አስቀምጦ ሌላ አነሳ። እዚህ ላይ ፈገግ አልኩ። እኔም ማሽን ከፍቼ የማደርገው ይኼንኑ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች መቋሚያቸውን ተደግፈው አንድ ዜማ ለተማሪዎቹ ያቀኑ ነበር። አንዱ ቤት ላይ ሲደርሱ ልጆቹ ይስታሉ፣ ሽማግሌው ያቆማሉ፣ እንደገና ከላይ። አልተቆጡም፣ አልቸኮሉምም። ልጆቹ በመጨረሻ ሲያገኙት ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ወደሚቀጥለው አለፉ። ከዋናው ማኅሌት ይልቅ ይህንን ልምምድ ነው የምወደው ብል ሊቃውንቱ ይታዘቡኝ ይሆናል።

ከመሸ በኋላ ቁስቋም ይበርዳል። ነፋሱ በዛፎቹ ውስጥ ሰንጥቆ ይመጣል፤ ነጠላ አያስጥለውም። እማሆይ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «በዚህ ልብስሽ ሌሊቱን አትችዪውም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ማኅሌቱ እስኪነጋ ነው የሚቆመው፤ እኔ የመጀመሪያውን ከበሮ ሰምቼ ባጃጅ ልጠራ ወጣሁ። ባለ ባጃጁን ቀድማችሁ ተነጋገሩት፤ ከመሸ ዳገቱ ላይ የሚያልፍ ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው። በጽጌ ልትሄዱ ካሰባችሁ ደግሞ ወፍራም ጋቢ ያዙ። እኔም ለሚቀጥለው የእናቴን ጋቢ ከመፍቻዎቼ ጋር ሻንጣው ውስጥ ለመክተት ሞክሬ ነበር። አልገባም፤ ለብቻው በፌስታል ይዤው እሄዳለሁ።