በጎቹን ያስጣላቸው ማን ነው?

ባለፈው ቡና ላይ አንድ ጓደኛዬ «ሰሞኑን ምን ላይ ነህ?» አለኝ። «የበግ ክላሚዲያ ዘረ መል እያነበብኩ ነው» ከማለቴ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «በጎቹም ጀመሩ እንዴ?» ያለም አለ። አልፈርድባቸውም። ክላሚዲያ ሲባል ለሰው ቶሎ የሚመጣለት የአባላዘሩ ነው። እሱ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ነው፣ ያው ዓይን የሚያጠፋውን ትራኮማ የሚያመጣው። የበጎቹ ክላሚዲያ አቦርተስ ይባላል፣ የሚዛመተውም በዋናነት በግ ስትጥል (ፅንሱ ሲወርዳት) በሚወጣው የእንግዴ ልጅና ፈሳሽ በተበከለ ግጦሽና ጉዝጓዝ ነው።

ተንኮሉ አያድርስ ነው። ዘንድሮ የያዛት በግ ምንም ሳትመስል ልትከርም ትችላለች። ከዚያ በሚቀጥለው እርግዝና፣ ልትወልድ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀራት ያስጥላታል፤ ሰውዬው ክረምቱን ሙሉ ቀልቦ ቀልቦ ግልገል ሲጠብቅ ማለት ነው። (እርጉዝ ሴት ደግሞ ከምትወልድ በግ ትራቅ። ይሄ ባክቴሪያ ሰውንም ያስወርዳል፣ ቀልድ አይደለም።)

መንስኤው የተለየው እ.ኤ.አ. በ1950 ስኮትላንድ ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት ከወፎቹ ክላሚዲያ ጋር አንድ ስም ሲጋራ ቆይቶ በ1999 የራሱን ስም አገኘ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የክትባቱ ታሪክ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ኤቢ7 የሚባለውን የባክቴሪያውን ዝርያ በኬሚካል ነካክተው 1ቢ የሚባል የክትባት ዝርያ አወጡ። በ35 ዲግሪ ያድጋል፣ በ39.5 ግን ይደክማል ተባለ። የበግ ሰውነት ደግሞ ትኩስ ነው። ስለዚህ በሽታ ሳያመጣ መከላከያውን ብቻ ያስተምራል የሚል ሐሳብ ነው፣ ሲሰሙት ደስ ይላል። ከዚያ ግን ከተከተቡት መካከል የሚጥሉ በጎች ተገኙ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ «ሳይከተቡ በፊት ይዟቸው ነበር» የሚል ነው፣ እውነትም ያስኬዳል፣ ምክንያቱም ክትባቱ ቀድሞ የተደበቀውን አያወጣም።

ታዲያ እንዴት ይታወቅ? በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የሜዳው ባክቴሪያና የክትባቱ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ዲኤንኤው ውስጥ፣ በጣት በሚቆጠሩ ፊደላት ላይ ነው። ያንን ቦታ በፒሲአር (ዲኤንኤ በሚያባዛው የላብራቶሪ ዘዴ) አባዝተህ ቆራጭ ኢንዛይም ትጨምርበታለህ፤ ኢንዛይሙ የሚያውቀው ፊደል ካለ ይቆርጣል፣ ከተቀየረ ያልፈዋል። በቁርጥራጮቹ ርዝመት ብቻ «ይሄ የሜዳው ነው፣ ይሄ የክትባቱ ነው» ትላለህ። በ2010 የወጣ የስኮትላንድ ጥናት እንዲህ አድርጎ ከጣሉ የተከተቡ በጎች የእንግዴ ልጅ ውስጥ ራሱን 1ቢን አገኘው። በ2018 ደግሞ ሙሉ ዘረ መሉን ያነበቡ ተመራማሪዎች 1ቢ ተዳክሟል የተባለው እውነት አይደለም፣ በሽታ ሊያመጣ ይችላል አሉ። ስንት ዓመት ሲወጋ ከኖረ በኋላ!

ክትባት ይቅር እያልኩ አይደለም። መንጋን ከትልቅ ጉዳት ያድናል። እኔን የሚያናድደኝ «ተዳክሟል» የሚለው ቃል ዲኤንኤው ሳይታይ ይህን ያህል መታመኑ ነው።

ደግሞ ይሄ ባክቴሪያ ግትር ነው፣ አይቀየርም። ዘረ መሉ ወደ 1.14 ሚሊዮን ፊደል ነው። በ2017 የወጣ ጥናት የ64 ያህል ናሙናዎችን ሙሉ ዘረ መል ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያይ ልዩነታቸው እጅግ ትንሽ ነበር፣ ዲኤንኤ ሲለዋወጡም አልተገኙም። እንደያገራቸው በሰባት ቡድን ተከፋፈሉ። ከግሪክ የመጡ ኤልኤልጂ እና ፒኦኤስ የሚባሉ ሁለት ብቻ ከሁሉም ርቀው ለብቻቸው ቆሙ። እንዲህ ለተመሳሰለ ነገር ከዘረ መሉ ሰባት ቁራጭ ብቻ መርጦ የሚያነበው የተለመደው ዘዴ ብዙ አያራምድም፣ ሙሉውን ማንበብ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ለእማዬ በስልክ ሳወራላት ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ያቺን ጥቁሯን በጋችንን ምን ነበር ያስጣላት?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብሩሴላ የሚባለው ሌላው የሚያስጥል ባክቴሪያም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም። «የእንግዴ ልጁን ምን አደረጋችሁት?» አልኳት።

«ምን እናደርገዋለን፣ ውሻ በላው።»