የአንድ ሽርጥ 18 ደቂቃ

ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገባሁት በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ሸሚዝ የሚሰፋ መስመር ላይ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። 52 ሼድ፣ ሰፊ አስፋልት፣ የፋብሪካውን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውል ማጣሪያ። ጠዋት በበሩ ስገባ ኩራት ይሰማኝ ነበር። ያ ኩራት ዛሬም አለኝ።

ሰኞ ሰኞ ግን ባዶ ወንበር አያለሁ። ቅዳሜ ኮሌታ ስትሰፋ የዋለች ልጅ ሰኞ የለችም። ያኔ ከሌሎች አለቆች ጋር ሆኜ "የሥራ ባህል የላቸውም" እል ነበር። ተሳስቼ ነበር። አንዷን ስትለቅ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። "እትዬ፣ ለአራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን እንኳ ወር አያደርሰኝም። ደመወዝ እየበላሁ ከቤት እህል ማስላክ ከጀመርኩ ሥራው ምኑ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ያወጣው ጥናት የኢትዮጵያን የልብስ ስፌት መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብሎ አስቀመጠው። ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207 ነበሩ። የሀዋሳ ፋብሪካዎች በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ እንደሚተኩም ጻፈ። ይህ ለእኔ ወሬ አልነበረም፤ የሰኞ ወንበሬ ነው። አንዲት ልጅ እጇ እስኪፍታታ ወራት ይፈጃል። ልክ ስትፈጥን ትሄዳለች፣ እኛም ከሀ እንጀምራለን። ርካሽ ያልነው ጉልበት በጣም ውድ ነበር።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የንግድ ዕድል አስወጣች። ሸሚዞቻችን አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገቡት በእሱ ነበር። ትዕዛዝ ቀነሰ፣ የእኔም መስመር ተዘጋ።

አዲስ አበባ ተመልሼ በቁጠባዬና በእቁብ ብር 12 ማሽን ገዛሁ። ለአውሮፓ መስፋት ፈለግኩ፤ ልብሳችን እዚያ አሁንም ያለ ቀረጥ ይገባል። አንድ የጀርመን ባየር (ገዢ) 3,000 የወጥ ቤት ሽርጥ አዘዘኝ።

እዚህ ጋ ስህተቴን በዝርዝር ልንገራችሁ። ሳምፕሉን ሰዓት ይዘን ስንሰፋ አንዱ ሽርጥ 18 ደቂቃ ወሰደ። ለ3,000 ሽርጥ 54,000 ደቂቃ ማለት ነው። 12 ሰው በሳምንት 48 ሰዓት ሲሠራ 34,560 ደቂቃ አለኝ። ስለዚህ በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ ብዬ ፈረምኩ። ዋጋውንም ከጨርቅ፣ ከክር፣ ከማጓጓዣና ከትርፌ ተነሥቼ ሰጠሁ። ደመወዝ ከተረፈው ይወጣል ብዬ ነበር።

መብራት ጠፋ። ክር ተለወጠ። ኪስ እየተፈታ እንደገና ተሰፋ። 18ቱ ደቂቃ 36 ሆነ፣ ሥራውም በመደበኛው ሰዓት ከሦስት ሳምንት በላይ የሚፈልግ ሆነ። ሕጉ የሚፈቅደው ኦቨርታይም በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። እኔ ከዚያ አሳለፍኩ። ልጆቹን "እባካችሁ" እያልኩ አስመሸኋቸው፤ ስለሚያከብሩኝ እምቢ አላሉም። ሀዋሳ ያንገበገበኝን ነገር በገዛ ቤቴ ደገምኩት። ኦቨርታይሙን በአንድ ተኩል አባዝቼ ስከፍል ደግሞ ትርፌ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሰብስቤ የወር ወጪያችሁን ጻፉልኝ አልኩ። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ታክሲ፣ የልጅ ትምህርት፣ ለእናት የሚላክ። ደመወዙን ከዚያ ተነሥቼ ወሰንኩ። ለወሩ ደቂቃ አካፍዬ አንዱ ደቂቃ ስንት እንደሚያወጣ አወቅኩ። ሽርጡን በ18 ሳይሆን በ36 ደቂቃ አሰላሁ። አሁን የዋጋ ወረቀቴ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ይህ መስመር ነው። ጨርቁ ከሱ በታች ይመጣል።

ለባየሮችም ወረቀቱን እንዳለ አሳያለሁ። አንዱ አይቶ ሄደ። ጀርመናዊው ግን ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር አነበበው። ቅናሽ ሲጠይቀኝ "በኪሱ፣ በጨርቁ፣ በማስረከቢያው ቀን እንነጋገር፤ በደቂቃው አልነጋገርም" አልኩት። ሁለት ሳምንት ጨመረልኝ፣ ሁለቱን ኪስ አንድ አደረገው። ውላችን ላይም ሳምፕል ከጸደቀ በኋላ ቀለም ወይም ልኬት ከተለወጠ ቀኑም ይገፋል የሚል አስገባን። ሠራተኛን የሚያስመሸው ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ሰዓት የሚመጣ ለውጥ ነውና።

ልጆቹ ሳይለቁ ስለቆዩ 36ቱ ደቂቃ ወደ 27 ወረደ። አዲስ ማሽን አልገዛሁም፤ ያው ሰው፣ ያው ወንበር ነው።

አንድ ነገር ግን ከአቅሜ በላይ ነው። እኔ ኪራይና ምሳ አስልቼ ዋጋ ስሰጥ፣ ጎረቤቴ ያንን ትቶ ከእኔ በታች መስጠት ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይላል። ላኪዎች ይህን የደመወዝ ወለል ልንፈራው አይገባም፣ እኛው ነን መጠየቅ ያለብን። ወለል ከሌለ አገራችን ለባየር የምታቀርበው የልጆቻችንን ምሳ ነው።

የወሊድ ፈቃዱን 120 ቀንም የደቂቃው ዋጋ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ኪስ የምትሰፋልኝ ልጅ ባለፈው ወር ወልዳ ተመለሰች። ማሽኗ ቦታው ላይ ነበር። በሁለተኛው ቀን ፍጥነቷ ተመለሰ።