ሐምሌ 28፣ የአማኑኤል ዕለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሀዱ አምላክ አሜን። እህቶቼ ወንድሞቼ ይሄን ከቤይሩት ወደብ ፍንዳታ የተረፍኩበትን ምስክርነት ስንቴ ጀምሬ እጄ እየተንቀጠቀጠ ትቼዋለሁ፣ ግን ስለቴ ነውና ዛሬ እንደምንም እጨርሰዋለሁ።

ቤይሩት የሄድኩት 2009 ላይ በደላላ ነው። ደብረ ብርሃን የአባቴ ቤት ጣራ እያፈሰሰ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እናቴ ድስትና ባልዲ ስትደረድር እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ሁለት ዓመት ሰርቼ ቆርቆሮውን ቀይሬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ቤቱ አሽረፊየህ የሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ፣ ደሞዜ በወር 150 ዶላር፣ ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ተቆልፎበታል። ከህዳር 2012 ጀምሮ ባንክ ዶላር አይሰጥም ተባለና ደሞዜ ቆመ፣ ከዛ ኮሮና መጣ፣ ኤርፖርት ተዘጋ።

እውነቱን ልናገር፣ እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። ሰኔ ላይ እናቴ ደውላ "ልጄ ረሳሽን እንዴ" ስትለኝ መልስ አጣሁ፣ ማታ ማተቤን በጥሼ ሻንጣዬ ውስጥ ወረወርኩት። "አንተ የሀብታም አምላክ ነህ" አልኩት። ይቅር በለኝ ጌታዬ።

ያን ቀን፣ ሐምሌ 28 ቀን 2012፣ ማክሰኞ ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ ሙቀቱ አይጣል። ማዳም ስራ ናት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ የሳሎኑን መስታወት እያጠብኩ ወደብ በኩል ጭስ ሲወጣ አየሁ። ፊት ለፊት ፎቅ ላይ የምትሰራ ሐበሻ አለች፣ በረንዳ ለበረንዳ እናወራለን እንጂ ተገናኝተን አናውቅም፣ እሷም "አየሽው?" አለችኝ። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ እያየሁ ተይታ ጠሩኝ፣ የማዳም እናት ናቸው፣ 80 አልፏቸዋል። ሽንት ቤት ውሰጂኝ ነው። ዝም አልኩ። ደግመው ጠሩኝ፣ እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ መጨረሻ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ደግፌ እንዳስቀመጥኳቸው መጀመሪያ አንዴ ዱብ አለ፣ ጥቂት ቆይቶ ቤቱ ተነስቶ የተቀመጠ መሰለኝ፣ በሩ ተነቅሎ ጀርባዬ ላይ ወደቀ፣ እኔ ተይታ ላይ ተደፋሁ፣ አቧራ፣ ጆሮዬ ጭው አለ፣ ከአፌ የወጣው ደግሞ "አማኑኤል!" ነው፣ ከወር በላይ ስሙን ያልጠራሁት።

ስወጣ ሳሎኑ የለም። ግንባሬን የለጠፍኩበት መስታወት ጩቤ ጩቤ አክሎ ሶፋው ላይ ተሰክቷል፣ ባልዲዬ ተበስቶ ውሃው ይፈሳል። "በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ ወደ አንተ ግን አይቀርብም።" መዝሙር 90ን ከልጅነቴ በቃሌ እደግመው ነበር፣ የገባኝ ግን ያኔ ነው።

ተይታን አዝዬ ወረድኩ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ የማላውቀው ልጅ ተቀበለኝ፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ደረጃው ደምና መስታወት ነው፣ ጫማዬ የት እንደወደቀ እንጃ። ታች ስደርስ ያቺ የበረንዳዋ ልጅ ቅንድቧ ተተርትሮ ደም በደም ሆና ቆማለች። "አለሽ?" አለችኝ። የራሷን ቁስል ትታ ሻሿን ፈትታ እግሬን አሰረችልኝ። ሆስፒታሉም ፈራርሶ ቁስለኛው መኪና ማቆሚያ ላይ በሞባይል መብራት ይሰፋል። ተይታ ጭኔ ላይ ተኝተው እጄን አልለቅ ብለው "ያ አድራ፣ ያ አድራ" ይላሉ፣ ድንግል ሆይ ማለታቸው ነው፣ እኔም እመቤቴ እመቤቴ እላለሁ፣ በሁለት ቋንቋ ስንጠራት ነጋ። ሊነጋጋ ሲል ልጅቷ አንገቴን አይታ ምንም ሳትለኝ ከሻሿ ጫፍ ክር መዘዘች፣ ገመደችና አሰረችልኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

የፈነዳው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ነው አሉ፣ ለዓመታት ወደብ ላይ ተከማችቶ የነበረ፣ ከ200 ሰው በላይ አለቀ። የኛም አገር ሰው አለበት፣ ነፍስ ይማር።

ከዛ በኋላ ተይታ "የዚችን ልጅ ገንዘብ ካልከፈላችሁ መድኃኒቴን አልውጥም" ብለው አፋቸውን ዘጉ፣ ሁለት ቀን። ማዳም ፓስፖርቴንም ደሞዜንም አመጣች። ጥር 2013 ቦሌ ወረድኩ። ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ ለአማኑኤልም ጥላ አስገብቻለሁ።

የልጅቷ ስልክ ግን ጠፋብኝ፣ አገሯ ትግባ እዛው ትሁን አላውቅም። ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። እባካችሁ በጸሎታችሁ አስቧት፣ ማተቡ እስከዛሬ አንገቴ ላይ ነው።