አንደኛ ክፍል ልታስተምሩ ነው? እኔ የሠራልኝን ልንገራችሁ

ከመምህራን ኮሌጅ የሚወጣ አብዛኛው ሰው የሚመኘው አምስተኛና ስድስተኛ ክፍልን ነው። አንደኛ ክፍል ሲመደብ ቅር የሚለው ብዙ ነው። እኔ አንደኛ ክፍል ከገባሁ ዓመታት ሆኖኛል፣ ወድጄ ነው የቆየሁት። እዚህ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንሱም ሒሳቡም ይጠፋበታል፤ የሒሳቡም ጥያቄ መነበብ አለበታ።

ዋናውን ላስቀድም። ልጅ ፊደል ሸመደደ ማለት ፊደል ለየ ማለት አይደለም። ፊደላችን 33 በ7 ነው፣ 231። ገበታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ» ሲል በበሩ የሚያልፍ ሁሉ ደስ ይለዋል። አንድ ሙሉውን ገበታ ሳይሳሳት የሚወርድ ልጅ ነበረኝ። «ቱ»ን ብቻዋን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «ይህቺ ማናት?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ወደ ገበታው ዞረና ከ«ሀ» ጀምሮ በከንፈሩ ብቻ እያለ፣ ጣቱን እያወረደ «ተ» ላይ ደረሰ፣ አንድ ወደ ጎን ሄደና «ቱ! ቲቸር፣ ቱ!» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ መንገድ ፈልጎ አግኝቷል። ግን በዚህ መንገድ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት አስቡት።

ስለዚህ የጋራውን ዜማ ሳልተወው አሳጠርኩት፤ ቀሪውን ጊዜ ፊደላቱን ከገበታው አውርጄ በልጆቹ እጅ ላይ አደረግኳቸው። ልጆቹን ቆርኪ ሰብስቡ አልኳቸው፣ ከየሱቁና ከየግሮሰሪው በኪሳቸው ሞልተው መጡ። ወረቀት በቆርኪው ልክ ቆርጠን፣ ፊደል ጽፈን፣ ውስጡ ለጠፍን። መጀመሪያ የሚፈልጉት የየራሳቸውን ስም ፊደላት ነው። ስሙን ዴስኩ ላይ የደረደረ ልጅ የጎረቤቱን ስም ለመሥራት ማንም አይነግረውም፣ ራሱ ይጀምራል፣ ፊደል ሲጎድለው ተነስቶ ከሌላ ዴስክ ይለምናል፣ «ሚ አለህ?» «ሚ የለኝም፣ ሜ ነው ያለኝ» ሲባባሉ ከሰማችሁ ትምህርቱ ገብቷቸዋል። ያው ቆርኪ ለመደመርና ለመቀነስም ያገለግላል።

ቃላት ስትመርጡ ሳድስ የሌለባቸውን አስቀድሙ። ቡና፣ ሳሙና፣ ዶሮ፣ ቆሎ። እያንዳንዱ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል፣ ልጁ ወዲያው «አነበብኩ» ይላል። «ልብስ» እና «ብርድ» ላይ ግን ፊደሉን አንድ በአንድ ጠርቶ ሲጨርስ ቃሉ አይሰማውም። እኔ በቀስታ እንዲለው አደርገዋለሁ፣ ከዚያ በፍጥነት፣ ከዚያ ደግሞ በፍጥነት፤ የሆነ ቦታ ላይ ፊቱ ይበራል። የሚጠብቅና የሚላላውንም ፊደሉ አያሳይም፣ «አለ» የቱ «አለ» እንደሆነ የሚታወቀው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ስለዚህ በነጠላ ቃል ብዙ አትቆዩ።

የተማሪ ቁጥርስ? መስፈርቱ በክፍል 50 ይላል፣ እኔ ከዚያ በላይ ያለበት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሁሉንም በየቀኑ ማስነበብ አይቻልም፣ አትሞክሩት። በቀን አንድ ረድፍ ብቻ፣ ሌላው በቆርኪ ሲሠራ እያንዳንዱ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ያነባል። በደብተሬ ስሙን፣ የያዘውን ፊደልና የሳተውን እጽፋለሁ። ሱፐርቫይዘር መጥቶ ዕቅዱ ምዕራፍ 3 ላይ ነው፣ ለምን ወደ ኋላ ቀራችሁ ሲል የማሳየው ይህንን ነው። «ይሄ ልጅ እስካሁን "በ"ን ከ"ሰ" አይለይም፣ ይስሙት» ስለው ቁጭ ብሎ ሰማ። ክርክር አላስፈለገም። የቄስ ትምህርት ቤት አልፈው የመጡ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ አንድ ላይ አታስቀምጧቸው፣ በየረድፉ በትኗቸው፤ ከእናንተ በላይ ያግዛሉ።

ዱላን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። «ያለ አለንጋ ዝም አይሉም» የሚሏችሁ ነባር መምህራን ይኖራሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንደሆኑ ይደነግጋል፣ እና ሕጉ ባይኖርም እንኳ የፈራ ልጅ ጮክ ብሎ አያነብም። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ 40 ደቂቃ ሙሉ አይቀመጥም፣ ሊቀመጥም አይገባውም። እኔ መሃል ላይ አስነስቼ አስጨበጭባቸዋለሁ፣ የጭብጨባውን ምት ቀስ በቀስ አሳንሳለሁ፣ በጣት ብቻ ሲቀር ክፍሉ ፀጥ ይላል።

ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት ልጁን እዩት። ጠዋት ዴስክ ላይ የሚተኛው ብዙ ጊዜ ቁርስ አልበላም። ሰሌዳ ሲያይ ዓይኑን የሚያጨነቁረውን ወደ ፊት አምጡት፣ ለወላጁም ንገሩ። በግራ እጁ የሚጽፈውን በዴስኩ ግራ ጫፍ አስቀምጡት፤ መሃል ከሆነ ክርኑ ከጓደኛው ክርን ጋር ሲጋጭ ይውላል፣ ጽሑፉም ይበላሻል።

ደመወዙ አይበቃም። ይህን ሳታውቁ እንድትገቡ አልፈልግም፣ ቤት ኪራይ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ በጣም ይከብዳል።

ከወላጆች ጋር የማደርገውን ጨምሬ ላብቃ። ብዙ እናቶች «እኔ አልተማርኩ፣ በምን ላስጠናው?» ይሉኛል። ማስጠናት አይጠበቅባችሁም፣ ማታ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አስነብቡትና ስሙት ብቻ እላለሁ። መጽሐፍ ከሌለ የሳሙናው መጠቅለያ፣ የጨው ላስቲኩ፣ አማርኛ የተጻፈበት ማንኛውም ነገር ይሆናል። አንዷ እናት «እኔንም አስጀመረኝ፣ ስሜን መጻፍ ቻልኩ» ብላ መጥታ ነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቆርኪ ለሚፈልግ ወላጅም እሰጣለሁ።