«ስልክ አለኝ» ከተባለ በኋላ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ማንበብና መጻፍ የማስተምርበት የእኛም የማታ የጎልማሶች ክፍል አብሮ ተዘጋ። ተማሪዎቼ የጉሊት ነጋዴዎች፣ የቀን ሠራተኞችና ጥበቃዎች ናቸው። ትምህርቱን በቴሌግራም ልቀጥል ስል ብዙ ሰው የመከረኝ ስማርት ስልክ ያለውን ቆጥሬ እንድጀምር ነበር።

እኔ ግን እየደወልኩ ሌላ ሌላውን ጠየቅሁ። ስልኩ የማን ነው? ማታ ማን እጅ ነው የሚያድረው? ፓኬጅ የሚገዛው ማን ነው? «አለኝ» ከተባለው ስልክ ብዙው የልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ ደግሞ ማታ ማታ የራሱን ትምህርት ይከታተልበታል። ስለዚህ ትምህርቱን ማታ ልኬ፣ መልሱን ልጆች ሳይነሱ ጠዋት በማለዳ መቀበል ጀመርኩ።

ቁጥር ላይ ማንም አይታማም። ከሀ እስከ ሆ ገና ያልለየች ሽንኩርት ሻጭ *804# መትታ ቀሪ ሂሳቧን ታያለች። ደንበኞቿን የምትለያቸው በስልካቸው የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ነው፤ «ባለ 47 ደውሎ ነበር» ትላለች። እኔም እያንዳንዱን ትምህርት በትልቅ ቁጥር አስጀመርኩት፤ «7ን ክፈቱ» ካልኩ የሚጠፋበት ሰው የለም። እሷን ፊደል ያስጀመርኳትም በደንበኞቿ ስም ነበር።

የድምፅ መልእክት ሁሉንም ያቀልላል፤ ጣጣውም እሱ ነው። በድምፅ ተጠይቆ በድምፅ የሚመልስ ሰው ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ሳያነብ ሊማር ይችላል። ስለዚህ ማብራሪያው በድምፅ፣ መልሱ ግን በደብተር ፎቶ ብቻ እንዲሆን አደረግሁ። ፎቶው ተዘቅዝቆ ይመጣል፣ ጥላ ያርፍበታል፤ ይሁን። አንዳንዱ ጽሕፈት ሲያምርብኝ ደግሞ የልጅ እጅ እንዳለበት እጠረጥራለሁ። አንዷን እናት ብጠይቃቸው፣ «ምን በወጣኝ ልጄ! እሱ ስልኩን ነው የያዘልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፎቶው ላይ የጸሐፊው እጅ ይታይ አልኩ፤ ተሳስቀን ተስማማን።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ነበር ያስተማረው። ያኔ ተምረው የረሱ ሁለት ጥበቃዎች ነበሩኝ። ፊደሉን ረስተውታል፣ እጃቸው ግን እስክሪብቶ አልረሳም፤ ከሁሉም ፈጥነው ማንበብ የጀመሩት እነሱ ናቸው።

ከዜሮ ለሚነሳ ግን ስልክ ብቻውን አልሆነም፤ በዚህ አልከራከርም። ስክሪኑ ተሰነጣጥቋል፣ ተንና ቸን የምትለየው ከላይ ያለችው ትንሽ ጭረት ደግሞ አትታይም። እስክሪብቶ አያያዝም ቢሆን አጠገብ ተቀምጦ ጣትን ማስተካከል ይፈልጋል። ለእነሱ በትልቁ የታተመ የፊደል ገበታ በየቤታቸው አደረስኩና ክፍሉ እስኪከፈት ጠበቅን።

አሁን ቴሌግራሙን ያስቀረሁት ለሁለተኛ ዓመቶች ብቻ ነው፤ ያውም ረቡዕ ረቡዕ። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ማንም ስልክ አያነሳም።