አንዲት መሀረብ
ሌሊቱን ቱሉ ዲምቱ ዘንቦ ነው ያደረው። ጠዋት ግማሹ ተማሪ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነበር። 12ኛ ክፍል፣ የመጀመሪያው ፔሬድ፣ እንግሊዝኛ።

"ቲቸር፣ ይሄ ማትሪክ ላይ ይወጣል?" አሉኝ።

አይመስለኝም አልኳቸው። ግን እናንብበው።

ያነበብነው የሼክስፒርን "ኦቴሎ" ነው። ከ400 ዓመት በፊት የተጻፈ ስለሆነ ቋንቋው ከበዳቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ እንደመለሰው ስነግራቸው ብዙዎቹ አልሰሙም ነበር። ይሄ ከልቤ አሳዘነኝ።

ከዚያ መሀረቧ ጋ ደረስን። ኦቴሎ ለሚስቱ ለዴዝዴሞና የሰጣት የመጀመሪያ ስጦታው ናት። ትወድቅባታለች። አገልጋይዋ ኤሚሊያ አንስታ ለባሏ፣ ኦቴሎ እንደ ጓደኛ ለሚያምነው ለኢያጎ ትሰጠዋለች። እሱ ደግሞ ወስዶ የኦቴሎ ምክትል የሆነው ካሲዮ ክፍል ይጥላታል፤ ኦቴሎንም ሚስትህ ከካሲዮ ጋር ትማግጣለች ብሎ ያሳምነዋል። ከዚያ በኋላ ኦቴሎን ማን ይመልሰው!

ከኋላ የምትቀመጥ፣ ክፍል ውስጥ ተናግራ የማታውቅ ልጅ እጇን አወጣች።

"ኦቴሎ ሚስቱን ለምን አላመናትም? እንዳልበደለችው እየነገረችው እኮ ነው።"

ክፍሉ ጸጥ አለ።

"ጓደኛው ነዋ የነገረው። ሰው ጓደኛውን ያምናል" አለ አንዱ።

"ሚስቱስ? ጓደኛው አይደለችም?"

በቃ፣ ክርክሩ ተጀመረ። በእንግሊዝኛ ጀምረው ወደ አማርኛ ገቡ፤ ሲብስባቸው ኦሮምኛም ተጨመረ። ሕጉ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚለው፤ እኔ ግን አላቋረጥኳቸውም። ልጆቼ እንዲህ ሲያስቡ አይቼ አላውቅም።

ደወሉ ሲደወል ያቺ ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

"ቲቸር፣ መጽሐፉን እስከ ሰኞ ልውሰደው?"

ያለኝ አንድ ኮፒ ነው። ሰጠኋት።