ጋሼ የሌሉበት ቪዲዮ

የሰርግ ቪዲዮ መቅረጽና ኤዲት ማድረግ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የስንት ሙሽራ መስቀልና ጉትቻ አቅርቤ እንዳሳየሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ጌጡ ብልጭ ይላል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ እናት እንባዋን ትጠርጋለች። ማን ሠራው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአያቴ መስቀል ነው። ማንጠልጠያው ተቆረጠና ፒያሳ ይዤው ሄድኩ። ከወርቅ ቤቶቹ መስታወት ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ብር የሚሠሩ አንጥረኛ እንዳሉ ሰው ጠቁሞኝ ነበር። ስማቸውን ቪዲዮው ላይ ጽፌዋለሁ፤ እዚህ ግን ጋሼ ልበላቸው። የቀድሞ ቤታቸው በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። አሁን ያሉባት ክፍል ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ናት።

የእኔ ሥራ ትንሽ ነበር። ተራዬን ስጠብቅ ግን ጠረጴዛቸው ላይ ከክር የቀጠነ የብር ሽቦ አየሁ። በወረንጦ እያጠፉ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠቀልሉታል። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ልቅረጽዎት?» አልኳቸው።

«ሥራ ካላስፈታሽኝ ምን ቸገረኝ፤ ግቢ» አሉ።

ስልኬን አወጣሁ። በማግስቱ ደግሞ ካሜራዬን ይዤ ተመለስኩ።

ሽቦው እንዴት እንደሚወጣ ሳላይ ብቀር ይቆጨኝ ነበር። ብሩ ቀልጦ ቀጠን ያለ ዘንግ ይሆናል፣ ይቀጠቀጣል፣ ከዚያ ብዙ ቀዳዳ ባለው ወፍራም ብረት ውስጥ ይሳባል። ቀዳዳዎቹ በተራ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ጋሼ ጫፉን በጉጠት ይይዙና አንድ እግራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ይስባሉ። ጥቂት ቀዳዳ እንዳለፈ ብሩ ይደርቃል። በግድ ከሳቡት ይበጠሳል። ስለዚህ እሳት ያሳዩታል፣ ይለሰልሳል፣ እንደገና ይስቡታል። ሲበቃው ሁለት ሽቦ አንድ ላይ ይገምዱና በመዶሻ ቀስ እያሉ ጠፍጠፍ ያደርጉታል። ያኔ ጠርዙ ላይ ከጤፍ ያነሰ ጥርስ ይወጣል። ብርሃን የሚያርፈው እዚያ ጥርስ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰርግ ላይ ሳሳድደው የኖርኩት ብልጭታ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ብሩ ከየት እንደሚገኝ ጠየቅኳቸው። ከመሳቢያ አንድ ጠገራ ብር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት። 28 ግራም ነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። መቼም ይመታ መቼ ላዩ ላይ የሚጻፈው 1780 ነው፣ ንግሥቲቱ የሞቱበት የፈረንጅ ዓመት። የድሮ መስቀልና አምባር ብዙው እሱን አቅልጠው የሠሩት ነው። የአያቴም ሳይሆን አይቀርም አሉኝ።

የመጀመሪያውን ቪዲዮ በሁለት ቀን ጨረስኩ። 58 ሰከንድ። መዶሻ፣ ጣት፣ ሽቦ፣ ብልጭታ፣ ከሥር ክራር። ሰርግ ላይ እንደለመድኩት ቶሎ ቶሎ ቆረጥኩት። አምሮልኛል ብዬ ይዤላቸው ሄድኩ። የመጨረሻ ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥታ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ነበር። አብራን አየችው። ሲያልቅ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ወደ ኋላ መለሰችው።

«አባዬስ የታለ?» አለች።

ጋሼ ምንም አላሉም። ሻይ አዘዙልኝ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የልጅቱን ጥያቄ ሳሰላስል አመሸሁ። በሀገራችን የሠራተኛው ጌጥ አንገት ላይ ሲወጣ ሠራተኛው ከደጅ ሲቀር ብዙ ዘመን አልፏል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ ሲሉት ኖረዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት በዚህ የተነሳ ነው። የድሮ ፎቶዎችንም አሰብኩ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱ የነበሩት አርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰቦች ናቸው። አንሺዎቹን እናውቃለን። የተነሱትን መኳንንትና ወይዛዝርት በስማቸው እንጠራለን። አንገታቸው ላይ ያለውን የሠራው ማነው? እኔም ከመቶ ዓመት በኋላ ካሜራ ይዤ ገብቼ ሰውዬውን ከእጅ አንጓው ላይ ቆርጬ ወጣሁ። ይሄ አንገበገበኝ።

እንደገና ሄድኩ። አሁን መቅረጽ የፈለግኩት ብየዳውን ነው። የተጠቀለለው ሽቦ ክፈፉ ውስጥ ከተደረደረ በኋላ፣ ከብር ቀድሞ የሚቀልጥ ቅይጥ በሞረድ ይፈቀፈቅና ብየዳው እንዲይዝ ከሚረዳ ቦራክስ ከሚባል ዱቄት ጋር ይነሰነስበታል። ከዚያ እሳት። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው 962 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቅይጡ ከዚያ ዝቅ ይላል። መሀል ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ትንሽ ከዘገዩ የሦስት ቀን ልፋት አንድ ጠብታ ይሆናል።

ለካ እሳቱን የሚገዛው እጅ አይደለም። ጋሼ ነበልባሉን የሚያስተካክሉት በአፋቸው በያዟት ቀጭን ቱቦ ነው። ጉንጫቸው ይነፋል፣ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ፣ ትንፋሹ ግን አይቋረጥም። ዓይናቸው ጠበብ ይላል። ሥራው ሁሉ ፊታቸው ላይ ነበር፤ እኔ ጣት ስቀርጽ አመለጠኝ።

ፊታቸውን መቅረጽ ግን ቀላል አልሆነልኝም። እሳቱ ቦግ ሲል ካሜራው ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊታቸው ጥቁር ይሆናል። ለፊታቸው ባስተካክለው ነበልባሉ ነጭ ወረቀት ይመስላል። መብራት እንዳላበራ ደግሞ ጋሼ የብሩን ቅላት የሚያዩት በጨለማ ነው። መጨረሻ ላይ ነጠላዬን አውልቄ ከፊት ለፊታቸው ዘረጋሁት። ልጅቱ አንዱን ጫፍ ያዘችልኝ። የእሳቱ ብርሃን ነጠላው ላይ አርፎ ለስለስ ብሎ ፊታቸው ላይ ተመለሰ። ቆይ፣ ይሄን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ግንባራቸው ላይ ያለች ላብ ሳትቀር ታየች።

አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። አንድም ቦታ አልቆረጥኩትም። ክራሩንም አወጣሁት። የሚሰማው ትንፋሽና ከውጭ የሚያልፍ ታክሲ ነው። አንድ ጓደኛዬ ይረዝማል አለኝ። አዎ፣ ይረዝማል። ሥራው ይረዝማል።

የአያቴን መስቀል የተቀበልኩት በዚያው ቀን ነው። ማንጠልጠያው አዲስ መሆኑ አያስታውቅም። ጋሼ ከመስጠታቸው በፊት ግን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት።

«ሽቦውን አየሽው?» አሉኝ። «ግምዱ ከእኔ በተቃራኒ ነው የሄደው። ይሄን የሠራው ሰው ግራኝ ሳይሆን አይቀርም።» በጥፍራቸው ጠርዙን ነካ አደረጉት። «እዚህ ጋ አንዴ እሳት በዝቶበት ነበር። እዪ፣ ደርሶበታል። ጎበዝ ነው።»

ካሜራውን አላጠፋሁም ነበር።